የጉልበት ርክክብ

የድሬዳዋው እግር ኳስ ክለብ ምሥራቅ ኮከብ ተጫዋች ሲያሰናብት ሥነ ሥርዓቱ የሚጀመረው ጠዋት ነው። ተሰናባቹ ቁርሱን ከቡድኑ ጋር ይበላል፤ ጓደኞቹ ተራ በተራ ያቅፉታል፤ ከዚያ ወደ ሕክምና ክፍል ገብቶ ጉልበቱን ያስረክባል። ከሰዓት በኋላ የክለቡን ማሊያ ለብሶ ሜዳውን አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ያጨበጭብለታል። ዙሩ በእርምጃ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሁሉም ሰው ይህን ዝግታ የክብርና የኩራት ምልክት አድርጎ ነው የሚያየው።

ረምዚ አደም በክለቡ የግራ መስመር ተመላላሽ ነበር። ቀኝ ጉልበቱ የተበጠሰው በልምምድ ላይ ሲሆን፣ ክለቡ ወዲያው ሰው ሠራሽ ጉልበት ገጠመለት። በአያቶቹ ዘመን ጅማቱ የተበጠሰ ተጫዋች ዓመት ሙሉ በክራንች ሲዳክር ይከርም ነበር አሉ። አሁን እንደዚያ የለም። ረምዚ የዚያው ክረምት ዝናብ ሳያባራ ወደ ሜዳ ተመልሶ በመስመሩ እንደ ድሮው መመላለስ ጀመረ፤ እንዲያውም ከድሮው ፈጠነ። ጉልበቱ የክለቡ ንብረት መሆኑን የሚገልጸውን ውል የፈረመው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ በሕመም ጥርሱን ነክሶ ነው። እንደሱ ያልፈረመ ተጫዋች በሊጉ ውስጥ አልነበረም።

ሁለተኛው ጉዳት ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰ። እሱም ዳነ። ረምዚ ሮጠ፣ ዘለለ፣ ተመረመረ፤ ምንም አላመመውም። የክለቡ የኮምፒዩተር ትንበያ ግን በመጪው የውድድር ዘመን ከክንፍ አጥቂዎች በግማሽ እርምጃ እንደሚዘገይ አወጣ። ከትንበያው ጋር የሚከራከር አሠልጣኝ የለም።

የድሬ ሰው አባቱንም ከንቲባውንም አንተ ነው የሚለው። የተጫዋቾች ጉዳይ ኃላፊው ኬብሮን የገንደ ቆሬ ልጅ ነው፤ ረምዚን ከታዳጊ ቡድን ጀምሮ አንተ ሲለው ኖሯል። ትንበያው ወጥቶ ወደ ቢሮው በጠራው ጠዋት ግን ወንበሩን እያሳየ፣ «ይቀመጡ» አለው። ረምዚ ነገሩ ማለቁን ያወቀው ያኔ ነው።

ኬብሮን በለሰለሰ ድምፅ አስረዳው። ጉልበቱ ከሰውነቱ አይወጣም፤ ክለቡ እንደዚያ ያለ ጭካኔ አይሠራም። የሚዘጋው የሩጫው ክፍል ብቻ ነው። መራመድ ይችላል፣ ደረጃ መውጣት ይችላል፣ ቀላል ዕቃ መሸከም ይችላል። ጥገናው በየጊዜው በክለቡ ይደረግለታል፤ ሳይጠገን የቀረ ጉልበት ስለሚደርቅ ቀጠሮ እንዳያሳልፍ ይመከራል። ስለ ርክክቡ በአደባባይ የተናገረ ደግሞ የጥገና መብቱን ያጣል። በመጨረሻም ስክሪኑን እያየ፣ «የስግደት መታጠፊያ ይፈልጋሉ?» ሲል ጠየቀው።

ረምዚ አልገባውም።

«ጉልበቱ ሲዘጋ እስከ መሬት አይታጠፍም። ለሚሰግዱ ግን ልዩ ፈቃድ አለ። ለክርስቲያኖቹም ሰጥተናል።»

«እፈልጋለሁ» አለ ረምዚ። ይህን ሲመልስ ያፈረውን ያህል በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም፤ በሱጁድ ግንባሩን መሬት ለማስነካት ከኬብሮን ፈቃድ ሲለምን ራሱን ሰማው።

በርክክቡ ቀን ጉልበቱን የዘጋው የቡድኑ ወጌሻ ናሆም ነው። ናሆም በመጀመሪያው ጉዳት ጊዜ ይህንኑ ጉልበት እያሸ፣ እያጠፈና እየዘረጋ፣ ከአልጋ አንሥቶ ለሜዳ ያበቃው ሰው ነው። አሁን አንዲት ትንሽ ዕቃ ጉልበቱ ላይ አስጠግቶ ያዘና ትንሽ ቆየ። ድምፅም ሕመምም አልነበረውም። ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረጃ ሲወርድ እንዳይቸኩል መከረው። ከሰዓት በኋላ ረምዚ ሜዳውን ዞረ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ስሙን እየጠራ ዘፈነለት። እሱም በዝግታ እየተራመደ እጁን አውለበለበ።

የተዘጋ ጉልበት አያምም። ረምዚን ያበሳጨው ይኸው ነው፤ ቢያመው ኖሮ ጉዳት ነው ብሎ ይቀበለው ነበር። እርምጃውን ሊያፈጥን ሲል ጉልበቱ በራሱ ፈቃድ ይገተራል፤ የሌላ ሰው እግር ከጭኑ ሥር የተተከለ ይመስለዋል። ሳቢያን መንገድ ላይ ባጃጅ ቆማ ስትጠብቀው ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ረምዚ ባለው ፍጥነት ይደርሳል። ዝናብ ሲጥል ሚስቱ ኢክራም ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ቤት ትሮጣለች፤ እሱ ከኋላ እየበሰበሰ ይከተላል። መጀመሪያ አካባቢ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ኋላ ግን ስትጠብቀው ፊቱ እንደሚለዋወጥ አይታ ተወችው።

ከሁሉም የሚገርመው አረማመዱ ነበር። ክለቡ ለተሰናባቾች ሁሉ የሚሰጠው አንድ ዓይነት ፍጥነት ነውና በከተማው ያሉ የቀድሞ ተጫዋቾች ሁሉ እኩል ነው የሚራመዱት። ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሁለቱ ከተገናኙ እግራቸው ሳያስቡት አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። የሰፈር ጎረምሶች ይህን አረማመድ ወደዱት። ልጃገረድ ፊት ሲያልፉ እንደዚያ ዘና ብለው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ፤ «የኮከብ አረማመድ» ይሉታል። ረምዚ ይህን ባየ ቁጥር ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ይቀይራል።

ከጓደኞቹ ሁሉ የሚቀርበው ያፌት ነበር። ያፌት የመሐል ተከላካይ ነበር፤ ደጋፊው «ግንቡ» ይለዋል። ሁለቱም ጉልበቶቹ የክለብ ናቸው፤ ከረምዚ ቀድሞ ተሰናብቶ ሁለቱም ተዘግተዋል። ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ገበያ ጫማ ይሸጥ ነበር። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ሌባ ጫማ ነጥቆት ሲሮጥ፣ «ልክህ ካልሆነ መልሰህ አምጣው» ብሎ እንደጮኸበት እያወራ ሰው ያስቃል። ስለ ጉልበቱ ግን ለማንም ትንፍሽ አይልም ነበር። ረምዚ አንድ ቀን የያፌት ሚስት ሶልያና ታውቅ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ድካም ነው ብሎ እንደነገራት መለሰና ወሬ ቀየረ።

ነሐሴ ላይ ከደጋው በኩል ከባድ ዝናብ ጣለ። ድሬ ላይ ፀሐይ ነበር። የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ገበያው ሙሉ ነበር፤ ሰዉ ዕቃውን እየጣለ የጎርፍ መከላከያው ግንብ ላይ ወደሚያወጣው ደረጃ ሮጠ። ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰንብቶ ሲመጣ ባንዴ ነው የሚመጣው፤ ድንጋይና ግንድ እያላጋ።

የከተማው ካሜራዎች ሽሽቱን ቀረጹ፤ ማታውን ከተማው ሁሉ አየው። በምስሉ ላይ ሰዎች እየተጋፉ ይሮጣሉ። አሮጊቶች ይሮጣሉ። ሻጮች የሕፃን እጅ እየጎተቱ ይሮጣሉ። ከሁሉም ኋላ አንድ ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ወደ ደረጃው ይራመዳል። አይቸኩልም። አንዴ ዞሮ ውኃውን ያየዋል፤ ከዚያ ፊቱን መልሶ በዚያው ፍጥነት መራመዱን ይቀጥላል። ደረጃው ሥር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጭቃው ደረሰበት።

ሰዉ በያፌት እርጋታ ተደነቀ። ሞትን ንቆ ሄደ ተባለ። ምሥራቅ ኮከብ በስታዲየሙ በር ላይ ትልቅ ምስሉን ሰቀለ፤ ከሥሩ «ያልቸኮለው ግንብ» ተብሎ ተጽፏል። የመታሰቢያ ጨዋታም ተዘጋጀ። የቀድሞ ተጫዋቾች ማሊያ ለብሰው ሜዳ እንዲገቡና የአንድ ደቂቃ ጸሎት እንዲያደርሱ ተጋበዙ።

ረምዚ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ሶልያና ድንኳን ውስጥ በሴቶች ተከባ ተቀምጣ ነበር። ባልሽ ጀግና ነው፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚሞተው እያሉ ያጽናኗታል። እሷ አታለቅስም። ረምዚን ስታየው ተነሥታ ወደ ጓሮ ይዛው ወጣች።

«አንተ ትነግረኛለህ» አለችው። «ለምን አልሮጠም?»

ረምዚ ዞሮ ከድንኳኑ የወጣ ሌላ ሰው አለመኖሩን አየ።

«ምስሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ውኃውን አይቶታል እኮ። አይቶት ነው የተራመደው። መሞት ፈልጎ ነው? ከኔ ጋር መኖር ሰልችቶት ነው? ጠዋት ተጨቃጭቀን ነበር የወጣው።»

ረምዚ ጉልበቱን አሰበ። የጥገናውን ቀጠሮ፣ የኬብሮንን ለስላሳ ድምፅ፣ ሳይጠገን የደረቀውን የአንድ ግብ ጠባቂ ትከሻ አሰበ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ሶልያና እስኪጨርስ ሰማችው። ሲጨርስ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያፌት ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ በአባቶች ሩጫ እንዲሳተፍ ስትለምነው እምቢ ማለቱንና እሷም ሰነፍ ብላ ሰድባው እንደነበር። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

በማግስቱ ረምዚ ኬብሮን ቢሮ ገባ። ያን ምስል ከበሩ ላይ እንዲያወርዱት፣ የሌሎቹንም ጉልበት እንዲከፍቱ ጠየቀ። ኬብሮን ሐዘኑን ገለጸ። ቀጥሎም ውሉ ላይ የአደጋ ጊዜ መክፈቻ መኖሩን፣ ማንኛውም ተሰናባች በስልክ ደውሎ ሊጠይቅ እንደሚችል፣ ያፌት ግን አለመጠየቁን አስታወሰው።

«እየሸሸ ስልክ አውጥቶ? ማንነቱን አስረድቶ?»

«አሠራሩ ፈጣን ነው።»

«ከውኃው ይፈጥናል?» አለ ረምዚ።

ኬብሮን ወደ ስክሪኑ ዞረ። መታሰቢያው ላይ ማሊያ የሚሰጠው በምሥራቁ በር በኩል መሆኑን ነገረው።

ረምዚ የቀድሞዎቹን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እየዞረ አነጋገረ። አንዳንዶቹ በር አልከፈቱለትም። አንዱ፣ ዳሌውም ጉልበቱም የክለብ የሆነ የቀድሞ አጥቂ፣ «አቦ ተወኝ፤ ይኼ ዳሌ ከደረቀ አልጋ ላይ ነው የምቀረው፤ ማን ያነሣኛል?» አለው። ረምዚ ሊቆጣው ፈልጎ አልቻለም፤ ሰውየው ትክክል ነበር። ማንም ቃል ሳይገባለት የመታሰቢያው ቀን ደረሰ።

ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። የቀድሞ ተጫዋቾች በአንድ ሰልፍ፣ በአንድ ዓይነት እርምጃ ገቡ። የአሁኖቹ ሁለት ቡድኖች መሐል ሜዳው ላይ ተሰልፈው ጠበቋቸው። ፊሽካ ተነፋ፤ ሕዝቡ ዝም አለ። ደቂቃው አልቆ ድምፅ ማጉያው የቀድሞዎቹን አመስግኖ ወደ መቀመጫቸው እንዲሄዱ ሲጋብዝ ረምዚ ከሰልፉ ወጣ። ወደ ጎሉ ፊቱን አዙሮ ሊሮጥ ተነሣ።

ጉልበቱ ተገተረ። ረምዚ በፊቱ ተደፋ።

ከታችኛው መቀመጫ ሳቅ ተሰማ። ተነሣ፣ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወደቀ። አሁን ሳቁ በዛ፤ ሰክሯል ያሉም ነበሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። የቴሌቪዥኑ ካሜራ መስመሩን ይዞ እየተንሸራተተ መጥቶ ፊቱ ላይ ቆመ። ረምዚ በእጁ መሬቱን ተደግፎ ቀና አለ፤ ካሜራውን አየው።

«ያፌት ሳይቸኩል ቀርቶ አይደለም» አለ። ምስሉና ድምፁ በስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን ወጣ። «መሮጥ አይችልም ነበር። ዘግተውታል። እኔንም ዘግተውኛል። ሁላችንንም ዘግተውናል። እዩ።»

ደግሞ ተነሣና ወደቀ።

ድምፅ ማጉያው በሙዚቃ ተሞላ። ስክሪኑ ጠፋ። ግን ሰዉ ዓይን አለው። ከሰልፉ ውስጥ ያ ዳሌው የክለብ የሆነው አጥቂ ወጣ። ረምዚን ዞር ብሎ አላየውም፤ ጥርሱን ነክሶ ሊሮጥ ተስፈነጠረና እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደቀ። ከዚያ ሌላው ወጣ። ከዚያ ሌሎቹ። እነዚያ ሕዝቡ በዝግታቸው ሲኮራ የኖረባቸው ሰዎች በሣሩ ላይ እየተነሡ ይወድቁ ጀመር። ሽማግሌ የሆኑም ነበሩባቸው። ሳቁ መቼ እንደቆመ ረምዚ አላወቀም፤ ጆሮውን ሲሰጥ የሚሰማው የወደቀ ሰው ትንፋሽና ያ ሙዚቃ ብቻ ነበር።

ናሆም ቦርሳውን ይዞ ሮጦ መጣ። ረምዚ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ይህን ካላቆመ አጥንቱ እንደሚሰበር ነገረው። ረምዚ ደሙን እየጠረገ ተመለከተው።

«ዕቃህን አምጥተሃል? ክፈተው።»

«ከቢሮ ካልተፈቀደ አይከፍትም» አለ ናሆም። ከዚያ ቦርሳውን ሣሩ ላይ ጥሎ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ከሜዳው ጠርዝ ሲጠሩትም አልተነሣም።

የጥበቃ ሠራተኞች ሲመጡ የመሐል ሜዳው ሰልፍ ተነቃነቀ። የምሥራቅ ኮከብ ግብ ጠባቂ ጉታማ ገና ጢም ያላወጣ ወጣት ነው፤ ቀኝ ትከሻው የክለብ ነው። ጓንቱን አውልቆ ረምዚ ካለበት መጣና በጥበቃዎቹና በሱ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠ። የእንግዳው ቡድን አምበል ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ የቆመ ተጫዋች አልነበረም። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ዙሪያውን ተመለከተና ሳይነፋው አወጣው።

ጨዋታው አልተካሄደም። በማግስቱ ጠዋት ረምዚ ለሱብሒ ሶላት ቆሞ ሱጁድ ሊወርድ ሲል ጉልበቱ እስከ መሬት አልታጠፍም አለ። ክለቡ የስግደት መታጠፊያውን አንሥቶበታል። መስጊድ ሄዶ ወንበር ለመነ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሰግድ ያዩት ሰዎች ጠየቁት፤ ነገራቸው። የጁምዓው ቀን ኢማሙ የክለቡን ስም ሳይጠሩ፣ ሰው ለጌታው እንዳይሰግድ በጉልበቱ ላይ ቁልፍ ስለሚያስቀምጥ ፍጡር ተናገሩ። ከተማው ውስጥ ያልተጠራውን ስም የማያውቅ አልነበረም።

ተጫዋቾቹ ልምምድ አቆሙ። በመጀመሪያ ምሥራቅ ኮከብ ብቻ ነበር፤ ኋላ በሌሎች ከተሞች ያሉ ቡድኖችም ተከተሉ፤ ሁሉም ክለብ የሚሠራው አንድ ዓይነት ነበርና። ጉታማን የትከሻውን ጥገና እንደሚያጣ አስጠነቀቁት፤ እሱ ግን ቤቱ ሄዶ እናቱን ዕቃ ሲያግዝ ሰነበተ። ሜዳዎቹ ባዶ ሆነው ከረሙ። ጎረምሶቹ ያንን አረማመድ ተዉት። አንድ ቀን ጠዋት የስታዲየሙ በር ላይ ያለው የያፌት ምስል ተቀዶ ተገኘ፤ ማን እንደቀደደው የጠየቀ አልነበረም።

በመጨረሻ ክለቡ መግለጫ አወጣ። ለባለውለታዎቹ ካለው ፍቅር የተነሣ የተሰናባቾችን ጉልበት ሁሉ በልግስና መክፈቱን፣ ፈቃዱም ክለቡ እስካልሻረው ድረስ የጸና መሆኑን ገለጸ። የምስጋና ዝግጅትም ሊኖር ነው፤ ተሰናባቾቹ መድረክ ላይ ወጥተው ይሮጣሉ። ኬብሮን ራሱ ደወለ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ረምዚ።»

«አንተ በለኝ» አለ ረምዚ። «ስትዘጋኝ ነው እርስዎ ያልከኝ። ያፌትንም እርስዎ ብለኸው ይሆናል። ዝግጅታችሁ ላይ አልመጣም። እናንተ የከፈታችሁት ነገር የለም፤ የሰረቃችሁትን ነው የመለሳችሁት፤ እሱንም ልትወስዱት እንደምትችሉ እየነገራችሁን።»

ስልኩን ዘጋ። ኢክራም ሮጦ እንዲያሳያት ፈልጋ ነበር፤ መጀመሪያ የምሮጠው ሌላ ቦታ ነው አላት። ጫማውን አድርጎ ወደ ደቻቱ ወረደ።

ገበያው ከጎርፉ በኋላ እንደገና ቆሟል። ሶልያና የባሏን ቦታ ይዛ ጫማ ትደረድራለች። ረምዚን ስታየው የመጣበትን አልጠየቀችውም፤ ቀና ብላ መወጣጫውን ደረጃ ብቻ አየች። ረምዚ ያፌት ይቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ሮጠ። ጉልበቱ ታዘዘው። ሻጮቹ ዞር እያሉ መንገድ ለቀቁለት። ገና ፍጥነቱን ሳይዝ፣ ገና ትንፋሹ ሳይቀየር ደረጃው ላይ ደረሰና እጁን ግንቡ ላይ ጫነ። እዚያው ቆሞ ወደ ኋላ ዞረ። በሜዳ ላይ ለአንዲት የመስመር ኳስ ይህን ያህል ብዙ ጊዜ ሮጧል፤ እንደ ሩጫም ቆጥሮት አያውቅም።

ሶልያና ከኋላው ተራምዳ መጣች። በእሷ እርምጃ መንገዱ ረጅም ነበር። አጠገቡ ስትደርስ ደረጃውንም፣ ያፌት ያልጨረሰውን የመጣችበትን መንገድም መልሳ አየች።

«ይኼው ነው?» አለችው።

«ይኼው ነው» አላት።